ለውጥ
መምህርቷ መማር የሚከብዳቸውን ልጆች ከሌሎቹ ጋር የማስተማር፣ የአካቶ ትምህርት ሥልጠና የወሰደችው ለአምስት ቀን ብቻ ነበር። ስትመለስ ስልሳ ሦስት ልጆች ጠበቋት፤ ከእነሱ አንዷ ሀን ከለ መለየት ያቃታት የዘጠኝ ዓመቷ ትርሲት ነበረች። ትርሲትን ለብቻዋ የምታስተምርበት ጊዜ ቢያጥራት እናቷን ስንቅነሽን አስጠራቻት።

"አጠገቧ ይቀመጡና እጇን ይዘው ያስጽፏት።"

"እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርኩም፣ መምህርት።"

"ግድ የለም፤ እኔ የምለውን ብቻ ይከተሉ።"

ስንቅነሽ የሽንኩርት ጉልቷን ለእህቷ ትታ ዓመቱን ሙሉ ጠባቡ ዴስክ ላይ ከልጇ ጋር ተቀመጠች። የልጇን ጣት ይዛ እያንዳንዱን ፊደል መምህርቷን ተከትላ እየጠራች አብራ ጻፈች። ትርሲት በደስታ ትፍለቀለቃለች፤ በማግስቱ ግን ሁሉንም ረስታው ትመጣለች።

በሰኔ መጨረሻ መምህርቷ የውጤት ካርዱን ይዛ ፊታቸው ቆመች። ትርሲት ዓይን ዓይኗን ስታያት መምህርቷ ራሷ የጻፈችውን አስተያየት ለማንበብ አንደበቷ እምቢ አላት።

"'ትርሲት ጎበዝ ሆናለች፤ በርቺ' ይላል" አለች፣ ካርዱን እያየች።

ትርሲት እየዘለለች ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ስንቅነሽ ካርዱን ተቀበለች። ከዚያ ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈች።

"ለ... ው... ጥ... አ... ላ... ሳ... የ... ች... ም" አለች ቀስ ብላ።

ስንቅነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ማንበብ መቻሌን ለእሷ እንዳይነግሩብኝ" አለች።