የካዚስ እርሾ

ቪልማንታስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቢራ አረፋ በዝቶበታል ብሎ ይደፋዋል፤ ሁለተኛውን አረፋ አንሶታል ብሎ ይደፋዋል። ሦስተኛውን ሲቀዳ ሚስቱ ኡግኔ ከጓዳ ብቅ ትላለች።

«የምትቀዳው ለእንግዳችን ነው ወይስ ለሳህን ማጠቢያው?»

«ዝም በይ እስቲ!»

እንግዳይቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ፔትሮኔሌ፣ የሟቹ የካዚስ ሚስት። ከመንደራቸው እስከ ቢርዣይ ከተማ በጠዋቱ አውቶቡስ ተንገጫግጨው የመጡት የዚህን ቤት ጥቁር ቢራ ለመቅመስ ነው። ብቅሉን እንደ ዳቦ ጋግሮ መጥመቅን ለቪልማንታስ ያስተማረው ካዚስ ነበር። ሊሞት ሲልም ከአያቱ የወረሰውን እርሾ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለሚስቱ ለፔትሮኔሌ ትቶ ሄደ።

የቪልማንታስ ድርሻ ዛሬ የለም። ባለፈው መከር አንድ ቀን ቸኩሎ፣ የብቅሉ ውሃ ሳይበርድ እርሾውን ጨመረበትና ፈጀው። በነጋታው ክዳኑን ቢከፍት በርሜሉ ውስጥ አንዲት አረፋ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ የሚጠምቀው ሱቅ በሚሸጥ የፓኬት እርሾ ነው። ጠጪው ሁሉ እያጣጣመ ይጠጣል፤ ነገሩን ከእሱና ከኡግኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የእኚህ ሴትዮ ምላስ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የለመደውን እንዴት ይስታል?

ብርጭቆውን ያቀርብላቸውና አጠገባቸው ቆሞ የተወለወለ ጠረጴዛ ይወለውላል።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ! ምነው እንደ ፖሊስ ትቆምብኛለህ?»

«መጀመሪያ ይቅመሱት፣ እትዬ።»

ያሸታሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጎነጫሉ፤ ቶሎም አይውጡትም። ቪልማንታስ የሚገባበት ይጠፋዋል።

«ካዚስ ነው» ይላሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ራሱ ነው! እጁን የያዝኩት ነው የመሰለኝ።»

እፎይ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ ያፍራል። ሴትዮዋ ግን አልጨረሱም። ከዘንቢላቸው ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ።

«የኔው በብርዱ ወራት ሻገተብኝ፤ ምን እንደነካው እንጃ። ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለህ! ኋላ ሳስበው፣ ለካ አንተ ጋ አለ። በል ሙላልኝ።»

በዚህ አገር ሰው ተጣልቶ ሰላምታ ይነፍጋል እንጂ እርሾ አይነፍግም። የሰጠ ሰው የራሱ ቢሞትበት ሄዶ ከተቀባዩ ይወስዳል፤ ይህ ከማንም ሕግ ይቀድማል። ቪልማንታስ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል።

«ሙላላቸው» ትለዋለች ኡግኔ በሹክሹክታ። «ካዚስ ነው ብለው የለ? ደስታቸውን ምን አደረጉህ ብለህ ትነጥቃቸዋለህ?»

የእሱም ልብ ወደዚያው ነው። ጠርሙሱን ከበርሜሉ ሥር በዘቀጠው የሱቅ እርሾ እስከ ግማሽ ይሞላዋል። ከዚያ ሴትዮዋ ይህንን ወስደው ጓዳቸው ሲያኖሩት፣ የካዚስ አያት እርሾ ነው እያሉ ለልጅ ልጆቻቸው ሲያካፍሉት ይታየዋል። ደፍቶ፣ አለቅልቆ፣ ባዶውን ይዞ ይመለሳል።

«እትዬ ፔትሮኔሌ፣ እርሾው የለም። እኔው ነኝ የገደልኩት። የጠጡት በሱቅ እርሾ የተጠመቀ ነው።»

ሴትዮዋ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ዘንቢላቸው ይመልሳሉ።

«ሳይበርድ ጨመርከው?»

«አዎ።»

«ካዚስ ሙቀቱን በክርንህ ለካው አላለህም?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ ክርንህን ውሻ በልቶት ነበር?»

«ቸኮልኩ፣ እትዬ።»

ስድቡ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ቢሰድቡት በወደደ። እሳቸው ግን ብርጭቆውን ትክ ብለው ያዩታል።

«እሺ፤ እኔስ ቅድም የቀመስኩት ማንን ነው?»

ቪልማንታስ እርሾውን መፍጀቱ ሳያንስ ያችን አንድ ጉንጭም ቀማቸው። ቢያንስ ቢራውን ከፊታቸው ላንሳ ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ሴትዮዋ በመዳፋቸው የብርጭቆውን አፍ ይከድናሉ።

«ተወው፣ አታንሳው» ይላሉ። «ካዚስን ልፈልገው።»

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያነሳሉ። አሁን ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ይጎነጫሉ።