ሁለተኛው ሚስማር

ዮሃና መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ትላለች። ፎቶው ቀጥ ብሏል። ከሮተርዳም ልትጠይቃት የመጣችው እናቷ ይመኙሻል ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«መቼ ሞተ?»

«ማን?»

«ይሄ ልጅ።»

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ አንድ ወጣት ወደብ ላይ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው ውሃ ውሃውን ያያል። ዮሃና ላክ በሚባለው ሰፈር ያለችውን ትንሽ ቤቷን በጥበብ ፎቶዎች የመሙላት ሐሳብ ከያዛት ቆይታለች። የመጀመሪያው ይህ ነው። በእናቷ ቤት ግን እንዲህ በትልቁ ታጥቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሞተ ሰው ፎቶ ነው። ይህን እንዴት እንደረሳችው ለራሷም አልገባትም።

«አልሞተም እማዬ። አላውቀውም። ከጋለሪ ነው የገዛሁት።»

«የማታውቂውን የሰው ልጅ ገዝተሽ ሰቀልሽ?»

«እዚህ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል።»

«እዚህማ ምን የማይደረግ አለ።»

እናቷ ጠጋ ብላ ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥር በጣቷ ትነካለች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«አሥራ ሁለት ብቻ ነው የታተመው። የኔ ሦስተኛው ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«በየሰዉ ቤት ናቸው።»

«እናቱ ጋስ አለ?»

የዮሃና ወንድም ሚኪያስ ከሊቢያ ደውሎ ባሕሩን ልሻገር ነው ካለ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። የእሱ ፎቶ በእናቷ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመታወቂያዋ ጀርባ ይኖራል። በትልቁ አሳጥበን እንስቀለው ያለችውን አክስቷን እናቷ እስከ ዛሬ አታናግራትም።

«ካስከፋሽ አወርደዋለሁ።»

«ተይው፤ ምን አደረገሽ።» እናቷ ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ትጥላለች። «ሚስማር ተርፎሻል?»

ዮሃና አንድ ሚስማር ትሰጣታለች። እናቷ ከፎቶው ጎን ግድግዳውን በመዳፏ ለክታ፣ ከልጁ ትከሻ ትይዩ ሚስማሩን ትተክላለች። መዶሻውን ለማንም አትሰጥም። ቀስ እያለች፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል ትመታዋለች።



እናቷ የረገፈውን ነጭ ብናኝ በእጇ ትጠርጋለች። ከዚያ ትቀመጥና ቦርሳዋን ሳትከፍት ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

ከታች ትራም ያልፋል። ፎቶው ክሩ ላይ በስሱ ይወዛወዛል። አጠገቡ ያለው ባዶ ሚስማር አይነቃነቅም።