ክሬን ያለው መኪና

አቶ ሸዋቀና ያገለገሉ ከባድ መኪኖችን በመሸጥ ስማቸው የታወቀ ምላሰኛ ነበሩ። ያን ሰሞን ግን አንድ መኪና አስቸገራቸው፤ የዕቃ መጫኛ ካሶኒው ግድግዳ የሌለው፣ ከጋቢናው ጀርባ ክሬን የተተከለበት፣ ገዢ አጥቶ ግቢያቸውን የዘጋ መኪና።

አንድ ቀን አንድ ዝምተኛ ሰው መጣ። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ከሥሩ ተንጋሎ ገባ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ። ክሬኑም እንደ ክርን የሚታጠፍ ክንዱን እስከ መጨረሻው እንዲዘረጋ አደረገ። አቶ ሸዋቀና ልባቸው ተንጠለጠለ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ ሰውየው። «ገደል የገባ የጭነት መኪና ጎትቶ ያወጣል?»

«ምን ነካህ ልጄ፤ እኩያውን እንደ ላባ ነው የሚያነሳው። ደግሞ ከእኔ እጅ የወጣ መኪና ሰው አሳፍሮ አያውቅም።»

ሰውየው እፎይ አለና «እንግዲያው ተስማምተናል» ብሎ እጁን ዘረጋ። አቶ ሸዋቀና ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርተው እጁን በሁለት እጃቸው ጭብጥ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ነው ለወግ ያህል የጠየቁት።

«ለመሆኑ ገደል የገባው የማን መኪና ነው?»

«የእኔው ነው። አላስታወሱኝም እንዴ ጋሼ? አምና ከዚሁ ግቢ የሸጡልኝ።»