የእናኑ ድርሰት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ወጣቱ የአማርኛ መምህርና አንጋፋው የሒሳብ አስተማሪ ጋሽ ደምሰው ብቻ ናቸው። ወጣቱ፣ ተማሪዎቹ እሱም እነሱም በኢንተርኔት በሚከፍቱት የጋራ ማኅደር፣ በክላውድ፣ ያስቀመጡለትን ድርሰት በታብሌት እያረመ ነበር። ከሰሞኑ ከክፍል የጠፋችውን የእናኑን ድርሰት ከፍቶ ሰባት ከዐሥር እንደሰጣት፣ ዐይኑ እያየ ቃላቱ አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር።

መምህሩ ክው አለ። ባለፈው ወሰነ ትምህርት የተማሪ ውጤት ተቀይሮ የተገኘበት ባልደረባው ከሥራ ተባሯል።

«ጋሼ፣ ኧረ ይምጡ! ሰው ገብቶ እየሰረዘብኝ ነው!»

ጋሽ ደምሰው በመነጽራቸው አናት አሻግረው አዩት።

«ሌባ ነዋ! ምን ታፈጣለህ? ዝጋበት እንጂ! ነገ አንተው ነህ የቀየርከው ይሉሃል፤ ማን ያምንሃል?»

መምህሩ ተማሪዎቹ ወደ ማኅደሩ የሚገቡበትን መግቢያ በሙሉ ዘጋ።

«በል፣ ተገላገልክ» አሉት ጋሽ ደምሰው።

መምህሩ ላቡን ጠርጎ፣ ሌባው ምን እንዳበላሸ ለማየት ወደ ድርሰቱ ተመለሰ። ድርሰቱ የለም። በቦታው እንዲህ ተጽፏል፦

«ቲቸር፣ እናኑ ነኝ። ስልኬን ቀምተው ቤት ቆልፈውብኛል። ታብሌቱን የቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ነው ያስቀረሁት። ዛሬ ማታ ሊድሩኝ ነው። ፖሊስ ይጥሩልኝ። አሁን ያለሁት»

መምህሩ መግቢያውን መልሶ ከፈተው። ከዚያ በኋላ በድርሰቱ ላይ ምንም አልተጻፈም።