ሁለት ፊደል

«ሁለት ፊደል ሁለት ወንድ ነው» ይላል አስረስ፣ የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም፣ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሞ። «ደም ከአባት ነው። የወንድሜ የውትድርና ካርድ የደሙን ዓይነት ኤ ይላል። የልጅቷ ኤ-ቢ ነው። ቢው የማን ነው?»

አዳራሹ ያጉረመርማል። የመካኒሳ አቦ ሰው ግማሹ እዚህ ነው፤ የሰው ጉድ ሲሰማ ማን ይቀራል። ልጄን ፅጌረዳን አዝያታለሁ። ዛሬ ከቀበሌው መዝገብ፣ ከአባቷ ስም ስር ከተፋቀች ከቤቱም እንወጣለን፤ አስረስ የሚፈልገው እሱን ነው።

«ቢው የእኔ ነው» እላለሁ። «ወይስ ጋሽ አስረስ፣ እኔ ዘጠኝ ወር የተከራያችሁኝ ቤት ነኝ?»

አንዳንዱ ይስቃል።

«ዝም በይ» ይላል ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ወጋየሁ።

ዝም አልልም። ስድስት ዓመት ደም መመርመሪያ ክፍል ጠርሙስ አጥቤያለሁ፣ ስም ለጥፌያለሁ፣ ጆሮም አለኝ። «ኤው የአምሐ፣ ቢው የእኔ። አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም፤ እኩል ይታያሉ። አምሐ ሊዘምት ሲል፣ እርጉዝ ሆኜ ነግሬዋለሁ፦ ወይ ያንተን፣ ወይ የኔን፣ ወይ ሁለቱንም፣ ወይ አንዱንም ሳይዝ ይወለዳል ብዬ። ‹ሁለታችንንም ይያዝ› ብሎኝ ሄደ።»

ድምፄ ይሰበራል። ይሰበር።

«ተረት ነው» ይላል አስረስ። «ውሳኔ ይሰጠን።»

ወጋየሁ ብዕሩን ያነሳል። ሊፍቃት ነው። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን ጠረጴዛው ድረስ እሄዳለሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለግንባር ደም የሰጡ ዕለት ስምዎንና የደምዎን ፊደል ጠርሙስዎ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስንት ፊደል እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ሁለት ፊደል ሁለት ወንድ ከሆነ፣ እናትዎ እማማ ፀሐይወርቅ ያውልዎት ተቀምጠዋል። እሳቸውን ይጠይቁልኝ።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እማማ ፀሐይወርቅ ይዞራል። ወጋየሁ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለው፤ ይመዘዋል ብዬ ልጄን ከጀርባዬ ወደ ደረቴ አዞራታለሁ። እሱ ግን እናቱን ማየት አቅቶት መዝገቡ ላይ አቀርቅሯል።

«የልጅቷ ስም?» ይላል ቀስ ብሎ።

«ፅጌረዳ።»

«የአባት?»

የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀኝ።

«አምሐ» እላለሁ፣ በሩ ላይ የቆሙት እስኪሰሙ።