ጠንካራው መሪ

ለአባቴ የመኪና ጌም መሪ ልገዛለት አብረን ሱቅ ገባን።

“ለጀማሪ ይኼ ለስላሳው ይሻላል” አለ ሻጩ።

ደሜ ፈላ። “ማንን ነው ጀማሪ የምትለው? አባቴ እኮ ሃያ ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሹፌር ነው! ጠንካራውን አምጣ!”

“ተይ ልጄ፣ እሱ ያለንን እንውሰድ” አለ አባቴ አንገቱን ደፍቶ።

አልሰማሁትም። ሻጩ ጠንካራውን መሪ ጠረጴዛው ላይ አሰረ፤ ፔዳሎቹንም ወደ አባቴ እግር አስጠጋ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። አባቴ ነዳጅ አልሰጠም። ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ የጠረጴዛውን ጎን ሁለቴ በመዳፉ መታና “ሳበው!” ብሎ ጮኸ።

ወያላ ሹፌሩን ሂድ የሚለው እንዲህ ነው።

እኔ ፔዳሎቹን አየሁ። ሻጩ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ የመሪውን ጥንካሬ ቀነሰ።