አምስት አበባ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ቦቶሻኒ ከተማ ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና እናቴ ሳፍታ ብቻ ነን። እህቴ ኢሊንካ ያሲ ከተማ ባለ ሆስፒታል ለልብ ቀዶ ጥገና ገብታ ነበር። ስትነቃ እንድንሰጣት ለስልኳ ምንም የሌለበት ነጭ ከቨር ገዝተን፣ መጽሐፍ ውስጥ ያደረቅናቸውን አበቦች በሙጫ እንለጥፍበት ጀመርን።

«ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን» አለች እናቴ። «በጥንድ የሚቆጠር አበባ የሚወሰደው ለመቃብር ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ታውቃለህ! ለአስተማሪህ ልደት አራት ጽጌረዳ ይዞ የሄደው ማን ነበር?»

ኢሊንካ እስካሁን በዚያ ትስቅብኛለች። እኛም ሳቅን።

አምስት ለጥፌ፣ እንዲደርቅ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። እጄን ታጥቤ ስመለስ ስድስት ሆነዋል።

«አንተ ልጅ፣ መቁጠርም አቃተህ?» አለች እናቴ፤ አሁን ግን አልሳቀችም።

አንዷን በጥፍሬ ፈቅፍቄ አነሳሁና ምድጃው ውስጥ ጣልኳት። አብረን ቆጠርን፤ አምስት ናቸው። እናቴ ከቨሩን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቀልኩም።

ስልኬ ጠራ። ከሆስፒታሉ ነበር።

እናቴ መዳፏን ቀስ ብላ አነሳች። አበቦቹ ስድስት ነበሩ። ስድስተኛዋ ደረቅ አልነበረችም፤ አሁን የተቀጠፈች ትመስላለች፤ ጠል አለባት።

«ስልኩን አታንሳው፣ ልጄ» አለች። «መጀመሪያ ይቺን እናውጣት።»

ስልኩ ደጋግሞ ጠርቶ ዝም ሲል፣ ሁለታችንም በጥፍራችን እየፈቀፈቅን ነበር።